ሐዲስ ዓለማየሁ፦ በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነው የገዛ ለዛቸውን የጠበቁ ደራሲ

በዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከአንድ መጽሐፍ ርእስ ጋር ተጣምሮ ከሚነሣ ደራስያን መካከል ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ፍቅር እስከ መቃብር የተሰኘው ልብ ወለዳቸው በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ለአንባቢ ከቀረበ 60 ዓመት ገደማ ቢሆነውም ዛሬም ይነበባል፣ በተመራማሪዎች ይጠናል፤ ገጸ ባሕርያቱም በዕለት ተዕለት ጨዋታ እንደ ሰፈር ሰው በስማቸው ይጠራሉ።

የደራሲውን የሥራ ዘመን ለተመለከተ ሰው ግን አንድ ጉዳይ ትኩረቱን ይስባል። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎልማሳነት ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በመንግሥት ሠራተኛነት ነው። የጉምሩክ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ቆንስል፣ ዲፕሎማት፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ደብዳቤ ማርቀቅን፣ ሪፖርት ማዘጋጀትን፣ መመሪያ ማስተላለፍንና በስብሰባ መዋልን የሚጠይቅ ነው። የጽሕፈት ቤት አማርኛ ደግሞ የታወቀ ወግ አለው። ስሜትን ይሸሽጋል፣ ተናጋሪውን ይሰውራል፣ የተለያየውን ጉዳይ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃላት ያስተናግዳል። በዚህ ቋንቋ ለዓመታት የሠራ ብዕር የማንኩሳን ገበሬ፣ የዲማን ካህንና የባላባት ቤት አሽከርን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው አንደበት ለማናገር እንደምን ቻለ? የደራሲው የሕይወት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በቢሮ ሥራ ላይ ላለ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ቁም ነገር አለው።

የቅኔ ጉባኤና የምድጃ ዳር ትምህርት

ሐዲስ ዓለማየሁ ጥቅምት 7 ቀን 1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በጎዛምን ወረዳ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለው አጥቢያ ከአባታቸው ከቄስ ዓለማየሁ ሰሎሞንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ተወለዱ። በዘመኑ ለካህን ልጅ የተከፈተው የትምህርት በር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበርና ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ለይተው፣ ወደ ቅኔ ትምህርት ተሸጋገሩ። ለዚሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ከነበሩት ጉባኤያት ተምረዋል። ከእነዚህም መካከል ደብረ ኤልያስ ባለ ቅኔውንና የተውኔት ደራሲውን ዮፍታሔ ንጉሤን ያፈራ ስፍራ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታላቁ ልብ ወለድ ዋና መቼት ለመሆን በቅቷል።

የቅኔ ትምህርት ቤት ሥርዓት ለአንድ የወደፊት ጸሐፊ ምን ሊሰጥ እንደሚችል ለመረዳት አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ተማሪው ከመንደር ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በሣር ጎጆ እያደረ ይማራል። ትምህርቱ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ እየሰፋ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። መምህሩ ምሥጢሩንና ሰዋስዉን ከገለጡለት በኋላ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ጫካ ወይም ሜዳ ወርዶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ያቃኑለታል፤ ቤቱ ያልመታ እንደሆነ፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገጣጠመ እንደሆነ መልሰው ይልኩታል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ጥብቅ ልማድ አለ። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ዳግመኛ እንደ አዲስ አይቀርብም። የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል። ስለሆነም ገና በለጋነቱ ወደዚህ ጉባኤ የገባ ልጅ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይለማመዳል። የመጀመሪያው ከአባቶች የወረደውን ሥርዓት ሳያፋልስ መጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ሥርዓት ውስጥ ከዚህ ቀደም ማንም ያላለውን ማለት ነው። የራስ ለዛ የሚባለው ነገር ሕግን በመጣል የሚገኝ መስሎ ለሚታያቸው ጀማሪ ጸሐፍት የቅኔ ጉባኤ ሌላ መንገድ ያሳያል።

ከቅኔው ጉባኤ ጎን ለጎን ሌላ ስም የለሽ ትምህርት ቤትም ነበር። በዚያ ዘመን በጎጃም ገጠር ያደገ ልጅ ማታ ማታ ከምድጃ ዳር ተረትና እንቆቅልሽ ይሰማል። በሠርግ ላይ ዘፈኑን፣ በለቅሶ ላይ ሙሾውን፣ በአዝመራ ጊዜ የደቦውን ዜማ ያዳምጣል። ከዛፍ ሥር በሚሰየመው ችሎት ተሟጋቾች ነገራቸውን በምሳሌና በተረት እያዋዙ ሲከራከሩ ያያል። በእንዲህ ያለው ክርክር የተናጋሪው ማንነት ከአነጋገሩ ይታወቃል። ባላባቱ እንደ ባላባት፣ ጭሰኛው እንደ ጭሰኛ፣ ደብተራው እንደ ደብተራ ይናገራል። በፍቅር እስከ መቃብር ገጾች ላይ የሚሰሙት ልዩ ልዩ አንደበቶች ምንጫቸው በዚህ ዓይነት አካባቢ ማደግ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ከአዲስ አበባ እስከ ሊፓሪ ደሴት

ሐዲስ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ካካበቱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገብተው ተምረዋል። ከዚያም ወደ ትውልድ ክፍለ ሀገራቸው ተመልሰው በዳንግላ በጉምሩክ ሥራ ላይ ቆዩ፤ በመምህርነትም አገልግለዋል። የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ የተሰኘ ተውኔት መድረሳቸውም የጽሑፍ ዝንባሌያቸው ከልብ ወለዳቸው ቀደም ብሎ በሌላ ዘርፍ መገለጡን ያሳያል። ተውኔት ደግሞ ከሌላው የጽሑፍ ዓይነት ይልቅ ጸሐፊውን የሰው ንግግር እንዲያዳምጥ የሚያስገድድ ዘርፍ ነው። በመድረክ ላይ ተራኪ ቆሞ የሚያብራራው ነገር ጥቂት በመሆኑ ባሕርይ ሁሉ በንግግር ይገለጣል።

በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ በተጀመረ ጊዜ ሐዲስ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ በነበሩት በልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሥር ዘመቱ። በሽሬ ግንባር በተደረገው ውጊያ ተሰለፉ። የሰሜኑ ጦር ከተፈታ በኋላም ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካቀናው የራስ እምሩ ኃይል ጋር ተጉዘው ትግሉን ቀጠሉ። በመጨረሻም በጠላት እጅ ወደቁ፤ ወደ ኢጣሊያም ተግዘው በፖንሳና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። የእስራቱ ዘመን ሰባት ዓመት ገደማ የፈጀ ሲሆን ነጻ የወጡት የኅብረቱ ኃይሎች ጦር ወደ ደቡብ ኢጣሊያ በገባበት ወቅት ነው።

ይህ የሰባት ዓመት ግዞት በደራሲው ሥራ ውስጥ ያለው ስፍራ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሐዲስ ከጦርነቱና ከእስራቱ እንደ ወጡ ወዲያውኑ የጦርነት መጽሐፍ ለማሳተም አልተጣደፉም። ስለ ወረራው ዘመን የሚተርከው ትዝታ የተሰኘው መጽሐፋቸው ለንባብ የበቃው በ1985 ዓ.ም. ነው። ይህም ዘመቻው ከተካሄደ ከ55 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ለአንድ ጸሐፊ መነሻ የሚሆነው ጉዳይ ሁሉ በተከሠተበት ሰዓት የሚጻፍ እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ እስኪሰክንና እስኪጠራ ድረስ ዘመን የሚጠይቅ መሆኑን ይህ የጊዜ ርቀት ያመለክታል።

ዲፕሎማቱ ተረት ሲሰበስቡ

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ሐዲስ ዓለማየሁ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመደቡ። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ቆንስል ሆነው ሠሩ። በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ላይ አገራቸውን ወክለው ተገኙ፤ በዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮንም አገለገሉ። ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት፣ በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ተወካይ በመሆን፣ እንዲሁም በትምህርት ሚኒስትርነት ሠርተዋል።

በዚህ ሁሉ የሥራ ጫና መካከል በ1948 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት አሳተሙ። አንደኛው የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም የተሰኘው ሲሆን የትምህርትን ጉዳይ የሚመለከት ነው። ሁለተኛው ግን አንባቢን ሊያስገርም የሚችል ነበር። ተረት ተረት የመሠረት ይባላል። ዋሽንግተንን ያየ፣ በዓለም አቀፍ ጉባኤ የተቀመጠ ባለ ሥልጣን የመጀመሪያ የትረካ መጽሐፉን የሠራው በልጆችና በአሮጊቶች አፍ ከሚነገሩት የአገር ቤት ተረቶች ነው።

የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ብዙ ይናገራል። በአገራችን ልማድ ተረት ነጋሪው ከመጀመሩ በፊት ተረት ተረት ሲል አድማጮቹ እንደየአካባቢያቸው የመሠረት ወይም የላም በረት ብለው ይመልሳሉ። ነጋሪው ያለ አድማጩ ፈቃድ አይጀምርም። ስለዚህ በርእሱ ላይ ሁለት ድምፆች ተቀምጠዋል፤ የሚነግረውና የሚሰማው። ሐዲስ ይህን የአፍ ሥርዓት ወደ ጽሑፍ ሲያመጡ የገጠማቸው ችግር ቀላል አልነበረም። በአፍ የሚነገር ተረት በድምፅ መውጣትና መውረድ፣ በእጅ እንቅስቃሴ፣ በዝምታ ይታገዛል። በወረቀት ላይ እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ። የጠፋውን በዓረፍተ ነገር አሰካክ፣ በቃላት ምርጫና በንግግር ልውውጥ መተካት የግድ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ በታተመው ልብ ወለድ ውስጥ የሚታየው የትረካ ብቃት አስቀድሞ የተፈተነው በዚህ ትሑት በሚመስል ሥራ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የፍቅር እስከ መቃብር መወለድ

ሐዲስ ዓለማየሁ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ለአምስት ዓመታት ያህል አገለገሉ። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው ከዚያ ወደ አገራቸው በተመለሱበት ሰሞን፣ በ1958 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በፊት የአማርኛ ልብ ወለድ የራሱ ጉዞ ነበረው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክን በ1900 ዓ.ም. በሮም ካሳተሙ በኋላ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ሌሎችም ደራስያን ዘርፉን አሳድገውታል። ሆኖም ከቀደምቶቹ ሥራዎች ብዙዎቹ አጫጭርና ምክር አዘል ነበሩ። ገጸ ባሕርያቱም የደግነት ወይም የክፋት ምሳሌ ሆነው የመቅረብ ዝንባሌ ነበራቸው። የሐዲስ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ስፋት ያለው፣ ስፍራዎቹ በስማቸው የሚታወቁ፣ ሰዎቹም በጎና ክፉ ጠባያቸው ተቀላቅሎ የሚታይበት ሥራ ሆኖ ቀረበ።

ትረካው የሚነሣው ከማንኩሳ ነው። ደራሲው ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ከማስተዋወቃቸው በፊት የወላጆቹን የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ በዝርዝር ይነግራሉ። ይህ አካሄድ የአገር ሽማግሌ የሰውን ታሪክ ሲያወጋ የሚከተለው ነው። ሽማግሌ ስለ አንድ ሰው ሲጠየቅ አስቀድሞ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወላጆቹ እንዴት እንደ ተገናኙ ይናገራል። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው። ዲማ ሄዶ ቅኔ ይማራል፤ በኋላም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ባላባቱ ቤት ይገባል። በመምህርና በተማሪ መካከል የተወለደው ፍቅር በአንድ በኩል ከስለቱ፣ በሌላ በኩል ከዘር ኩራት ጋር ይጋጫል።

ደራሲው ከልጅነታቸው የሚያውቁት የቆሎ ተማሪ ሕይወት፣ የቅኔው ጉባኤ፣ የባላባት ቤት ሥርዓት፣ የንስሐ አባቶች ተሰሚነት፣ የጭሰኛው ምሬት በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ከሁሉም ይልቅ በአንባቢ ዘንድ ሕያው ሆኖ የቀረው ካሣ ዳምጤ ነው። ካሣ የፊታውራሪ መሸሻ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ሳለ የዘመዶቹን ሥርዓት ይነቅፋል። እውነት ስለሚናገር የአገሩ ሰው እብድ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጉዱ ካሣ የሚል ስምም ይሰጠዋል። በቅኔ አነጋገር ሰሙ እብደት፣ ወርቁ ማስተዋል የሆነ ገጸ ባሕርይ ነው። ሐዲስ በቅኔ ቤት የተማሩትን ጥበብ በቅኔ መልክ ሳይሆን በሰው መልክ የተጠቀሙበት አንዱ ስፍራ ይህ ነው።

አንባቢ ማስተዋል የሚገባው ሌላም ነጥብ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ጨቋኝ ባላባት ናቸው። ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ብለው ይነሡባቸዋል። ይሁንና ደራሲው ፊታውራሪውን ለጥላቻ ብቻ አላቀረቧቸውም። በአባቶቻቸው ክብር ታስረው፣ ዘመኑ ሲለወጥ ያልታያቸው፣ ባረጀ ጉልበት ለፍልሚያ የሚነሡ፣ ሊሣቅባቸውም ሊታዘንላቸውም የሚገባ ሰው አድርገው ሥለዋቸዋል። ይህ ሚዛን የደራሲው ለዛ ዋነኛ መለያ ነው። ተራኪው ለማንም ሳይጮህ፣ ማንንም ሳይሰድብ፣ ሁሉንም በራሱ አንደበት ያናግርና ፍርዱን ለአድማጭ ይተዋል።

ነጥብ የተደረገባቸው ፊደላት

ሐዲስ ዓለማየሁ ለሰው ድምፅ የነበራቸው ጥንቃቄ በፊደል አጠቃቀማቸው ላይም ታይቷል። እንደሚታወቀው በአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል በመልክ አይለይም። አለ የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ መናገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል። ገና የሚለውም ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ይገልጣል። አንባቢ የትኛው እንደ ታሰበ የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሟገቱ የነበሩት ሐዲስ በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አደረጉ። ይህ አሠራር በሌሎች ጸሐፍት ዘንድ አልተስፋፋም።

የነጥቡ ጉዳይ ለጊዜው የሆሄያት ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል። ከተራኪው አንጻር ሲታይ ግን ትርጉሙ ይሰፋል። ደራሲው መጽሐፉን የሚያነበው ሰው ቃሉን እርሳቸው በሰሙት መንገድ እንዲሰማው ፈልገዋል። ከ500 ገጽ በላይ በሆነ ጽሑፍ ላይ በያንዳንዱ ጠባቂ ፊደል ነጥብ ማስቀመጥ ለጸሐፊውም ለአታሚውም ከፍ ያለ ድካም ነው። ይህን ድካም የተቀበሉት ታሪኩ በአንባቢው ጆሮ በትክክል እንዲደርስ በማሰብ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከባለ ሥልጣን ወንበር የተጻፈ ትችት

መጽሐፉ የወጣበትን ዘመን ማስታወስ ተገቢ ነው። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ የሚለውን ጥያቄ አንግበው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጥተዋል። የመሬት ይዞታ ጉዳይ የመንግሥት ፈተና ሆኖ በይፋ በተነሣበት ወቅት፣ የዘውዱ አምባሳደር የነበሩና በዚያው ሰሞን የፕላንና ልማት ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ሰው የባላባትን ሥርዓት ከሥሩ የሚመረምር ልብ ወለድ አሳተሙ። ገበሬዎች ባላባታቸው ላይ ሲነሡ የሚያሳየው ትረካ የወጣው በመንግሥት ሹመት ላይ ካለ ሰው እጅ ነው።

በዚህ ረገድ ደራሲው የያዙት አቋም ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል የተሾሙበትን ሥራ አክብረው ሠርተዋል፤ በሌላ በኩል ያዩትን ግፍ ያለ ሽፋን ጽፈዋል። ሥልጣናቸው ብዕራቸውን ዝም አላሰኘውም። በ1966 ዓ.ም. የለውጡ ንቅናቄ በተነሣ ጊዜም ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመው አስተያየታቸውን በግልጽ አስቀምጠዋል። የዘውዱ መንግሥት ሲወድቅ ደርግ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን እንዲይዙ ቢጠይቃቸውም አልተቀበሉም። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመናቸውን ይበልጥ ለጽሑፍ ሰጡ። ወንጀለኛው ዳኛ በ1974 ዓ.ም.፣ የልም እዣት ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ለንባብ በቁ።

ታሪኩ ወደ ጆሮ ሲመለስ

ፍቅር እስከ መቃብር ከታተመ ከዓመታት በኋላ ታዋቂው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ተረከው። ይህ ትረካ ለመጽሐፉ ሁለተኛ ልደት ሆነለት። ማንበብ የማይችለው፣ መጽሐፉን ለመግዛት አቅም ያልነበረው፣ በገጠር የሚኖረው አድማጭ ሁሉ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ፣ የጉዱ ካሣን ነቀፌታ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ በሬዲዮ ተከታተለ። ወጋየሁ እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ በየድምፁ ለይቶ ማቅረቡ እስካሁን ድረስ በብዙዎች ዘንድ ይታወሳል።

የተዋናዩ ብቃት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ትረካው ሊሳካ የቻለበት ሌላው ምክንያት ጽሑፉ ራሱ ለጆሮ የተሠራ በመሆኑ ነው። በዓይን ብቻ እንዲነበብ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር በድምፅ ሲቀርብ ይሰናከላል። የሐዲስ ዓረፍተ ነገሮች ረጃጅም ቢሆኑም ተናጋሪ የሚተነፍስበት ቦታ አላቸው፤ ንግግሮቹም የተናጋሪውን ዕድሜ፣ ማዕረግና ስሜት ይዘዋል። ከምድጃ ዳርና ከቅኔ ጉባኤ በጆሮ የተቀሰመው ሀብት በደሴት እስራትና በሩቅ አገር ሹመት አልፎ፣ በወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ በመጨረሻ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ሕዝቡ ጆሮ ተመለሰ።

ለመንግሥት ሠራተኛው የሚተርፈው

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሐዲስ ዓለማየሁ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ደራሲው በተወለዱ በ94 ዓመታቸው ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ከሕይወታቸው የሚገኘው ትምህርት ልብ ወለድ መጻፍ ለሚሹ ብቻ የሚሆን አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ሪፖርት፣ ለሕዝብ የሚቀርበው ማብራሪያ፣ ለሠራተኛ የሚሰጠው መመሪያ ሁሉ አንባቢና አድማጭ አለው። ባለ ጉዳይ ወደ ቢሮ ሲመጣ የሚያቀርበው አቤቱታ የራሱ አነጋገርና የራሱ ምሳሌ ይኖረዋል። ያን አነጋገር በጥሞና የሚሰማ ሠራተኛ የጉዳዩን ፍሬ ከነሕይወቱ ያገኘዋል። ሁሉንም ወደ ተለመደው የጽሕፈት ቤት ሐረግ ቶሎ የሚቀይር ግን ከወረቀቱ ላይ ሰውዬውን ያጠፋዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ሆነው ሳለ የጭሰኛውን ቃል ለመጻፍ የቻሉት ገና በልጅነታቸው ያደመጡትን ሳይንቁ ስላቆዩት ነው።

የራስን ለዛ ፍለጋ ብዙዎች ወደ ሩቅ ያማትራሉ። ሐዲስ ሩቁንም አይተዋል፤ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በኒውዮርክና በለንደን ኖረዋል። ከዚያ ሁሉ ጉዞ በኋላ የጻፉት ግን ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ነው። የሩቁ አገር ኑሮ የሰጣቸው ጥቅም ቢኖር የቅርቡን በርቀት ቆመው እንዲመዝኑት ማስቻሉ ይመስላል። መሠረቱ የተጣለው በእንዶዳምና በቅኔ ቤቶቹ ሲሆን፣ ሥራው ደግሞ ተውኔትን፣ ተረትንና የፊደል ጥንቃቄን በየተራ ያለፈ የረጅም ዘመን ልፋት ነበር። ፍቅር እስከ መቃብር ሲታተም ደራሲው 56ኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። በሥራ ብዛት ምክንያት ብዕሩን ላቆመ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ይህች አንዲት ቁጥር ብቻዋን ብዙ ታጽናናለች።